በኩሩ ሳይተክል

ሞተሩ ከካምባ ገበያ ወጥቶ ዳገቱን ሲጀምር ዕዝራ ዓይኑን ጨፍኖ የነጂውን ወገብ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ታች ከተማ፣ ሲቀላ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ሲሸጥ የሚውል፣ ጎማና ፍሬን ከእጁ የማይጠፋ ጎልማሳ ሞተር ይፈራል ቢባል ማን ያምናል? ግን ፈራ። ጭቃው ያንሸራትታል፤ በግራ በኩል ገደል ነው፤ ገደሉ ውስጥ ጉም ተኝቷል። ዳግም የሚባለው ነጂ ደግሞ መዝሙር እያፏጨ፣ አንገቱን ወደ ኋላ እያዞረ ያወራዋል።

«ጋሼ፣ ለልቅሶ ነው የመጡት?»

«ልቅሶውስ አልፏል። ለተከላ ነው።»

«እንዴ! እርስዎ ነዎት ማለት ነው?» ዳግም መሪውን ለቆ ሊጨብጠው ቃጣው። «ሰዉ እኮ እርስዎን ነው የሚጠብቀው!»

ዕዝራ የነጂውን ወገብ ይበልጥ አጥብቆ ያዘ። ሰው እርስዎ ሲለው ምን ብሎ እንደሚመልስ አላወቀም። ሲቀላ ላይ «አንተ ዕዝራ፣ ካንዴላ አለህ?» ነው የሚባለው።

ጠዋት መናኸሪያ ሲሳፈር ላብ በላብ ነበር። የኩልፎን ወንዝ ሲሻገሩ ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተው፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን እያንባረቀ፣ ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየተሳደበ ብዙ ቆዩ። ዕዝራ በወንዙ ዳር ያለውን የሙዝ ቅጠል እያየ ፈገግ ብሎ ነበር። አባቱ ሙዝ ባዩ ቁጥር «ይሄ ሥራ ፈት የእንሰት ዘመድ» ይሉ ነበር፤ ቅጠሉ እንሰት መስሎ ሳለ ሥሩ የማይበላ መሆኑ ያናድዳቸዋል። አሁን ይኸው፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ዘመኑ የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ ሰዉ የአዲሱን ክልል ስም ገና ያልለመደበት፣ ጋሞም ለብቻው ዞን ከሆነ ትንሽ የከረመበት ነው። በየተራራው አናት የስልክ ማማ ቆሟል። ሀላቃ የሚባለው የቀዬው ሹም በአንድ እጁ በትሩን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ ነው ሸንጎ የሚቀመጠው። ከካምባ በላይ ያለችው የዘርባ መንደር ሰው ግማሹ ወንጌል አማኝ፣ ግማሹ ኦርቶዶክስ ነው፤ በበዓሉ ይለያያል፣ በጾሙ ይለያያል። በአንድ ነገር ግን አይለያይም፤ በኩሩ ሳይተክል ማንም እንሰት አይተክልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘርባ ሰው ሁሉ ከአንዲት ሴት ተወለድን ይላል። ከእሷ በፊት ሰው እንደ አሳማ በየጫካው እየዞረ የእንሰት ሥር ይቆፍር ነበር እንጂ አይተክልም ነበር፤ እንሰትን ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጇ የተከለች እሷ ናት። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ «ያቺ ሴት» ነው የምትባለው። ከእሷ በኩር፣ ከበኩሩም በኩር እየተቆጠረ የመጣው ደግሞ የዕዝራ አባት የአቶ ገነነ ቤት ነው። በየዓመቱ የመጋቢት ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው የዚያ ቤት በኩር እናትዬዋ ከሚሏት እንሰት የተገኘ ችግኝ ከደጁ ይተክላል። ከእሱ ቀጥሎ ወንድሞቹ፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ መንደሩ በሙሉ ይተክላል። ይህ ተራ ከተዛባ ጎሜ ነው። ጎሜ የተባለው ሥርዓት የማፍረስ መዘዝ ዝናብ ይከለክላል፣ ላም ያስወርዳል፣ ሕፃን ያሳምማል ብለው ይፈራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ሲወጡም ይፈራሉ።

አቶ ገነነ በጥር ወር አረፉ። በኩራቸው ዕዝራ ነው። ዕዝራ ግን ገና ፊደል ሲቆጥር እናቱ ወይዘሮ ፀዳለ ለትምህርት ብላ ወደ ሲቀላ ይዛው ወርዳለች፤ ችግኝ ተክሎ አያውቅም። ስለዚህ መላ ዘይዶ ነው የመጣው፤ ተራውን ለአባቱ ታናሽ ወንድም ለአጎቱ ለደግፌ በሽማግሌ ፊት አስረክቦ፣ ተመርቆ፣ ማታውኑ ወርዶ ካምባ ሊያድር። ዳግምን እንኳ «ጠብቀኝ፣ አብረን እንመለሳለን» ብሎታል። የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ «መትከል ኃጢአት የለውም፤ የሚታረድ ነገር ካለ ግን እንዳትነካ» ብሎ ሸኝቶታል። የሚታረድ ነገር እንደሌለ አክስቱ በስልክ ነግራዋለች። ታዲያ የሚያስፈራው ምንድን ነው? እሱም አላወቀውም።

ሞተሩ ጉሙን ሰንጥቆ ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ሰው አልነበረም፤ ችግኝ ነው። በየዛፉ ሥር፣ በየአጥሩ ጥላ፣ ከአፈር የተነቀለ የእንሰት ችግኝ ተቆልሎ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል። አንዳንዱ ጫፉ መጠውለግ ጀምሯል። የዘርባ ሰው ዝናቡ ሲጥል «ዕዝራ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል» እያለ ነቅሎ ጨርሶ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሶ፣ ቁጭ ብሏል። ጉድጓዶቹ ውኃ አቁረዋል።

ሰዉ ሲያየው ከተቀመጠበት ተነሳ። ሽማግሌ ሁሉ ተነሳ! ዕዝራ ወደ ኋላው ዞሮ ማን እንደመጣ ሊያይ ምንም አልቀረው።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ አጎቱ ደግፌ ጎንበስ ብሎ። ያ በልጅነቱ ጆሮውን የቆነጠጠው፣ ትከሻው ላይ ያዞረው ደግፌ! እዚያ የሚወራው በጋሞኛ ነው፤ የዕዝራ ጋሞኛ ዝጓል፤ ያም ሆኖ ይህ አነጋገር ለታላቅ ብቻ እንደሚነገር አልጠፋውም።

«አጎቴ፣ አንተ ለምንድን ነው እርስዎ የምትለኝ?»

«ታዲያ ምን ልበል? አባትዎ ሄዱ። አሁን አባት እርስዎ ነዎት።»

ሀላቃ አስናቀ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ዝም እንዲባል ጠበቀ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢው ጭቃ የማይነካው ዓይነት ሰው ነው። «ፀሐይዋ ከሸንተረሩ ጀርባ ሳትገባ ይተከል» አለ። «የሰዉ ችግኝ እየሞተ ነው። ዘንድሮ ካልተተከለ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሄ መንደር የሚበላው ቆጮ የለውም። ልጄ፣ ተዘጋጅተሃል?»

ዕዝራ በአውቶቡስ ላይ ሲያጠናው የመጣውን ንግግር ጀመረ። ሥራው ከተማ እንደሆነ፣ አፈር እንደማያውቅ፣ አጎቱ ግን የተመሰገነ ገበሬ እንደሆነ፣ በሽማግሌዎች ፊት በፈቃዱ ተራውን... እዚህ ላይ ሲደርስ ደግፌ እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ዘለለ።

«እኔ? እኔን ነው? አንተ ልጅ፣ ልጆቼን ልትጨርስብኝ ነው እንዴ የመጣኸው!» እርስዎ የሚባለው ነገር በድንጋጤ ብን ብሎ ጠፋ። «የታላቄ ልጅ በሕይወት ቆሞ እኔ ቀድሜ ልትከል? ጎሜውን ማን ይሸከመዋል?»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። ሀላቃ አስናቀ ብቻ አልሳቀም። «በኩርነት ጋቢ አይደለም፤ አውልቀህ ለሌላ አታለብሰውም» አለና አንድ ሳል ሳለ። «ሂድና ችግኝህን ይዘህ ና።»

ዕዝራ የሚጨብጠውን አጣ። የመጣበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በአንድ ጊዜ ፈረሰ። አክስቱ ሻሺቱ ክንዱን ይዛ ከሰዉ መሃል ስታወጣው ተከተላት።

ሻሺቱ የአባቱ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በወንድሟ ጊቢ ትኖራለች፤ የጊቢውን እንሰት የምትንከባከበው እሷ ናት። ከቤቱ ጀርባ፣ ሰው ከማያይበት ዞር አድርጋ አቆመችውና ዙሪያዋን ገላመጠች። አጎቱ ደግፌም ጠርጥሮ ነው መሰለኝ ተከትሏቸው መጣ።

«አባትህ ባለፈው ዓመት እናትዬዋን አርዷት ነበር» አለች። ማረድ የሚሉት እንሰቱን ከሥሩ ከፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ከዚያ ልቡን ፈልፍለው ያወጡና ጉድጓዱን አፈርና ድንጋይ ሞልተው መልሰው ይቀብሩታል። በዓመቱ ከተቀበረው ወፍራም ሥር፣ ከአምቾው ዙሪያ ችግኝ ይፈላል። «ፈልቶ ነበር። በጣም ያምር ነበር። እየው እንግዲህ።»

ዕዝራ አየ። የፈላው ችግኝ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሻሺቱ ቢላዋን ከጉያዋ አውጥታ አንዱን ቆረጠችው። ከቁርጡ ቢጫ ልጋግ ወጣ።

ደግፌ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አጠውልግ!» አለ በሹክሹክታ። «እናትዬዋን አጠውልግ ገባባት!»

«ዝም በል፣ ሰዉ ይሰማል» አለች ሻሺቱ፤ ቢላዋን ወደ ማድ ቤቱ ይዛ ሄዳ ስለቱን እሳት ላይ እያገላበጠች አቃጠለችው። ቢላ ካልተቃጠለ በሽታውን ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ያሻግራል። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው ያልነገርኩህ። ብነግርህ አትመጣም ብዬም ነው።»

ዕዝራ የበሽተኛውን ችግኝ ጉድለት ለማየት የከተማ ሰው መሆኑ አላገደውም። ይህን ቢተክል አጠውልጉ በአንድ ክረምት የመንደሩን እንሰት ይጨርሰዋል። ይህን ካልተከለ ማንም አይተክልም፤ የሰዉ ችግኝ በየጥላው ደርቆ ይቀራል። «ከጎረቤት አንድ ጤነኛ ችግኝ ብንወስድስ?» አለ።

አክስትና አጎት በአንድ አፍ ጮኹ። በኩር ከታናሹ እጅ ችግኝ ከተቀበለማ ተራው ተገለበጠ፤ አባት ከልጁ ተወለደ ማለት ነው።

«ከገደሉ ነው የምናመጣው» አለች ሻሺቱ። ነገሩን አስባበት እንደከረመች ከድምፅዋ ያስታውቃል። «ታች ምንጩ ዳር የጫካ እንሰት አለ። ያቺ ሴት መጀመሪያ ያመጣችው ከዚያ ነው። የዱር አሳማ ሥሩን ቆፍሮ ሲበላ አይታ፣ አሳማው የጣለውን ቁራጭ ይዛ መጥታ ነው የተከለችው። ስለዚህ የገደሉ እንሰት የእናትዬዋ እናት ነው። ከእሷም ይበልጣል!»

«ምን?» አለ ደግፌ። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እናታችን ናታ!»

«ለእኔ አባታችን ሌላ ነው የነገረኝ። ያቺ ሴት ከቆላ በኩል ተድራ ስትመጣ አምቾውን በጓዟ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። ገደሉ ውስጥ ያለው ከእኛ ጓሮ ጎርፍ የወሰደው ነው። ሸሽቶ የበረሃ የሆነ የእኛው ልጅ! እሱን አምጥቶ በኩር ማድረግ ታናሽን በታላቅ ላይ መሾም ነው። ጎሜው ከጎረቤቱም ይብሳል።»

«የዱር ነው!»

«ሽፍታ ነው እንጂ ዱር አይደለም!»

ወንድምና እህት አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ቆሙ። ዕዝራ አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየ ዞረበት። ሁለቱም ያልዋሹ ይመስላሉ። ሁለቱም ከእናት ከአባታቸው አፍ ነው የሰሙት። አንድ ጣራ ሥር አድገው፣ ከአንድ ገበታ በልተው፣ እንዴት ሁለት ተረት ይዘው አረጁ? አባቱ ቢኖሩ ይጠይቃቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ የትኛውን እንደሚያምኑ አንድም ቀን አልጠየቃቸውም፤ ስልክ ሲደውሉለት «አባዬ ሥራ ላይ ነኝ» ነበር መልሱ።

ደግፌ ሌላ መላ ስላጣ እያጉረመረመ ሰዉን በወሬ ሊያቆይ ሄደ፤ ሻሺቱ ባለ ሁለት ጥርሱን መቆፈሪያ ለዕዝራ አሸክማ ወደ ገደሉ ወረደች። ያቺ ባልቴት ቁልቁለቱን ስትወርድ እሱ በቂጡ ነው የተንሸራተተው።

ምንጩ ዳር ሲደርሱ ከትልቅ የአለት ጥላ ሥር ሰው አዩ። ከአዲስ አበባ እየመጣች የጥንት ሰው የኖረበትን መሬት የምትቆፍር ፌቨን የምትባል ተመራማሪ ናት፤ የዘርባ ሰው ያውቃታል፤ ሻሺቱ ወተት ትልክላታለች። በጉልበቷ ተንበርክካ በትንሽ ብሩሽ አፈር ትጠርጋለች። በአማርኛ ሰላም ስትላቸው ዕዝራ ደስ አለው። የተማረች ሰው ናት፤ በአንድ ቃል ትገላግለዋለች ብሎ ተስፋ አደረገ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ፣ በምንጩ ዳር የቆመውን የእንሰት ጥሻ እያሳየ። «ያ እንሰት የዱር ነው ወይስ ከሰው ጓሮ የሸሸ?»

ፌቨን ብሩሹን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚያ የእሱን ፊት አይታ ሳቋን አቆመች። «ይቅርታ። እኔም እዚህ የምመላለሰው ይህንኑ ለማወቅ ስለሆነ ነው የሳቅኩት።»

«ምልክት የለውም?»

«አለው፤ ግን ያታልላል። የዱሩ በዘር ነው የሚበቅለው። የጓሮውን እናንተ ሳያፈራ ስለምትቆርጡት ዘር አያደርስም፤ ከአምቾው ነው የምታባዙት። እዚህ ደግሞ፣ እይ፣ ከሥሩ ከዘር የበቀሉ ትንንሾች አሉ። ስለዚህ የዱር ነው ትላለህ። ነገር ግን ከጓሮ የሸሸም ቢሆን ቆራጭ ካጣ ያብባል፣ ዘር ይጥላል። ልጆቹ የዱር ይመስላሉ።»

«አክስቴ የዱሩ ጣዕሙ መራራ ነው ትላለች።»

«ብዙ ጊዜ መራራ ነው። ግን ሸሽቶ ብዙ ትውልድ ከቆየ የሸሸውም ሊመር ይችላል።» ከጎኗ ካለው ሣጥን አንድ ስለታም ጥቁር ባልጩትና እንደ ከሰል ያለ ነገር አወጣች። «ይሄ የተቃጠለ ሥር ነው፤ ከታች፣ ከጥልቅ ነው የወጣው። እንሰት ይመስለኛል፤ ገና አልተረጋገጠም። ይህን የጠበሰ ሰው እዚሁ እሳት ዳር ተቀምጧል። ቆፍሮ ያገኘው ይሁን ተክሎ ያሳደገው ግን አፈሩ አይነግረኝም። ምናልባት ሰውየው ራሱ አይለየውም ነበር። የበላበትን ቦታ አረም ነቀለለት፣ በዓመቱ ተመልሶ አየው፣ አሳማ አባረረለት። እርሻ የጀመረው የትኛው ቀን ላይ ነው? እኔ አላውቅም።»

ዕዝራ ያንን ከሰል አየው። ከእሱ ቤት ምድጃ የወጣ ይመስላል። ተገላገልኩ ባለበት ሰዓት ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። አክስቱ የምታውቀው አለ፣ አጎቱ የሚያውቀው አለ፣ ይቺ ሴት አለማወቋን ታውቃለች፤ እሱ የትኛውን ይያዝ? አንዱ ተሳስቶ ቢሆን ደህና ነበር። ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም ደግሞ እርግጠኛ ሊያደርገው አልቻለም።

ሻሺቱ ይህን ሁሉ አማርኛ በትዕግሥት ቆማ ከሰማች በኋላ «ጨረሳችሁ?» አለች። «ፀሐይዋ እየሄደች ነው።»

በጥሻው ሥር መሬቱ በአሳማ ተገለባብጧል፤ የሰኮናው ዱካ ገና ትኩስ ነው። ዕዝራ አሳማው ያልነካውን ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ችግኝ መረጠና መቆፈሪያውን አነሳ። ሳያወርደው ግን ቆመ። መጸለይ ፈለገ፤ ምን ብሎ እንደሚጸልይ ጠፋው። ስለ ዱሩ ያመስግን ወይስ ስለ ጎሜው ይቅርታ ይለምን? «ጌታ ሆይ፣ አንተ የተከልከው ይሁን እኛ የተከልነው አንተ ታውቃለህ» አለና መሬቱን መታ። ሻሺቱ «አሜን» ብላ ሥሩን በእጇ ፈልቅቃ አወጣችው።

ሲመለሱ በዳገቱ ላይ ክንዱን ያዘችው። «ለሰዉ ምንም እንዳትል፣ ልጄ። ከእናትዬዋ ነው በል። አንተ ቤት ጀርባ ገብተህ ነው የወጣኸው፤ ማን ያያል? ተክለህ ሂድ። ሁሉም ሰላም ያድራል።»

ምክሩ ጥሩ ነበር። በእውነት ጥሩ ነበር፤ ማንም አይጎዳም። ዕዝራ ችግኙን ታቅፎ ሲሄድ ሃሳቡን ተቀብሎት ነበር ማለት ይቻላል። አደባባዩ ላይ ሲደርስ ግን ሰዉ ተነስቶ መንገድ ሲከፍትለት፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ሲያወርዱለት፣ ከሁሉም በላይ የእነዚያ የጠወለጉ ችግኞች ባለቤቶች እጁን እጁን ሲያዩት፣ አፉ እምቢ አለ።

«ሀላቃ፣ መናገር እፈልጋለሁ» አለ። የዛገው ጋሞኛው እየተሰበረ ወጣ። «እናትዬዋ በአጠውልግ ሞታለች። ይሄ ከገደሉ ነው። አክስቴ የእናትዬዋ እናት ነው ትላለች። አጎቴ ከጓሯችን የሸሸ ነው ይላል። ያቺ የተማረችው ልጅ አላውቅም ብላኛለች። እኔ... እኔም ይሄ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሻሺቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰዉ አንድ ጊዜ አጉረመረመ፤ ከዚያ ጉርምርምታው ጩኸት ሆነ። አንዱ ጎሜ ነው ይላል፣ አንዱ እውነቱን መናገሩ በጎ ነው ይላል፣ አንዷ ሴት «ችግኜ እየሞተ ነው፣ ስለ ጎሜው ነገ እንከራከር!» ትላለች። ዕዝራ ችግኙን ታቅፎ መሃል ቆሟል። ያባርሩኛል ብሎ አሰበ። የሚገርመው፣ ጠዋት ይህንኑ ነበር የፈለገው፤ አሁን ግን እንዳያባርሩት ፈራ።

ሀላቃ አስናቀ ከመሬት እርጥብ ሣር ነጭቶ ያዘ። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲቆም የሚጮህ አፍ ይዘጋል። ተዘጋ።

«አበጋዝ ኖሮ ቢሆን እጠይቀው ነበር» አለ፤ አበጋዝ የዕዝራ አያት ነው። «እኔ ስለ ገደሉ የሰማሁት ሦስተኛ ተረት ነው፤ እሱን አሁን አላወራውም፤ ይበልጥ ትጣላላችሁ። አንድ ሕግ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የተከለ ሰው ሳይቀምስ ስለ ተከለው እንሰት ማንም አይናገርም። በኩሩ ይትከል። ሲደርስ ነቅሎ እሱ አስቀድሞ ይቅመስ። ከመረረ የዱር ነው፤ የእናት እናት ነው፤ ተራው አልተዛባም። ከጣፈጠ የሸሸው ልጃችን ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ጎሜው እንቀመጣለን። እስከዚያ ጎሜ የሚል አፍ ይዘጋ።»

«እስኪደርስ እኮ ስንት ዓመት ነው!» አለ ደግፌ።

«ታዲያ የት ትሄዳለህ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሲስቅ የአደባባዩ አየር ቀለል አለ። አንዲት አሮጊት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ «አምላኬ፣ መራራ አድርገው!» ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጸሎት ማን ሰምቶ ያውቃል? ሌሎቹም ተቀበሏት፤ የዘርባ ሰው ያን ቀን እንሰቱ እንዲመርለት ለመነ።

ዕዝራ ግን ፌቨን ያለችው ትዝ አለው። የሸሸውም ሊመር ይችላል። ቀምሶም ላያውቅ ነው ማለት ነው! ሊናገር አፉን ከፈተ። ማን ሰምቶት። ደግፌ ትከሻውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ እየመራው ነበር።

ጉድጓዱ አባቱ ባለፈው ዓመት የተከሉት እንሰት አጠገብ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ተንበረከከ። ችግኙን ዘቅዝቆ ሊያስገባው ሲል ሻሺቱ «በሥሩ በኩል ነው እንጂ!» አለችው፤ ሰዉ እንደገና በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ግን እንባው መጣ፤ አላፈረበትም። አፈሩን በእጁ እየገፋ መለሰው። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ሲጨርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቆየ።

ቀና ሲል ከአጎቱ በቀር አጠገቡ ሰው የለም። ደግፌ ቀጣዩ ባለ ተራ ነውና እዚያው ጎን ባለው ማሳው ላይ እየተጣደፈ አፈር ይመልሳል። የቀረው ሰው ችግኙን እየተሸከመ በየዳገቱ ይሮጣል፤ ሴቱ ይጣራል፣ ወንዱ ይጣራል፣ «ደግፌ ተከለ ወይ?» «ተክሏል!» «እነ እገሌስ?» እየተባለ ከአጥር ወደ አጥር ይተላለፋል። መንደሩ በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ።

ከታች ከመንገዱ ጥሩምባ ተሰማ። ዳግም ነው። «ጋሼ! ጉሙ መንገዱን ሳይዘጋው እንሂድ እንጂ!»

ሻሺቱ በሩ ላይ ቆማለች። እደር አላለችውም፤ ሂድም አላለችውም። ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ሌላ ቦታ የምታይ መሰለች። ዕዝራ ጭቃ የሆኑ እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረገና ችግኙን አየው። ሦስት ቅጠል ያለው፣ ጎኑን ነፋስ የሚገፋው ትንሽ ነገር ነው። አጥር የለውም። ምንጩ ዳር ያየው ትኩስ የሰኮና ዱካ ትዝ አለው። ቀኑን ሙሉ ከፈራቸው ነገሮች ሁሉ ምን እንደሚፈራ በደንብ ያወቀው አሁን ነው።

«አንተ ሂድ!» ብሎ ወደ ታች ጮኸ።

«ነገስ ልምጣ?»

«እኔ እንጃ!»

ሞተሩ ተነሳ፣ ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገብቶ እየራቀ ሄደ። ዕዝራ ከቤቱ ጎን ተደግፎ የቆመውን ቀርከሃ አንድ አንድ እያለ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ ቀርከሃውን እንደያዘ ቆመና ወደ አጎቱ ዞረ።

«አጎቴ፣ የዱር አሳማው በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

ደግፌ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አፈር በነካው ጣቱ ወደ ገደሉ አሳየው።